ሐዲድ ያልደረሰላት የባቡር ከተማ

«ቡሬ ልሄድ ነው» ያልኩት ሰው ሁሉ «ደግሞ ጎጃም ምን ልትሠራ?» ይለኛል። የጎጃሟን ቡሬ የማያውቅ የለማ! የኔዋ ግን ሌላ ናት። የኔዋ ቡሬ ያለችው ኢሉባቦር ነው፤ መቱንና ጎሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል አፋፉ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ስለ ጋምቤላ ንግድ ያጠኑትን አግኝቼ ካነበብኩ ወዲህ ያ መንገድ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። የበቅሎ ቅፍለት፣ ኬላ፣ ጭስ እየተፋ ከካርቱም የሚመጣ መርከብ! እንዴት ብሎ ይህ ሁሉ እኛ አገር ሆነ? መንገዱን ላየው ተነሳሁ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ይህን ሳልናገር ብጀምር የጉዞዬ ነገር አይገባችሁም። ከተማዬን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ትቶ ሜዳው ላይ በ1895 ዓ.ም ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ በቀለ። ቀጥ ቀጥ ያለውን የከዚራን መንገድ፣ ለገሃርን፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ አባቶች አማርኛቸው መሐል ጣል የሚያደርጓትን ፈረንሳይኛ እያየሁና እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የባቡር ከተማ እንዴት እንደሚሞትም አይቻለሁ። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ... ባቡሩ ሲደርስ መስኮት ሥር ብርቱካንና ውኃ ይዞ የሚሯሯጠው ሕዝብ፣ አሮጌው ባቡር ዝም ሲል የት እንደገባ እንጃ። አዲሱ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ጣቢያዎቹ ከየከተማው ወጣ ብለው ተሠሩ፤ የድሮዎቹ ጣቢያዎች ከነግድግዳቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ እንግዲህ በባቡር ከተማ ጉዳይ ራሴን እንደ ሊቅ የምቆጥር ሰው ነኝ። ሐዲድ ያላየች ከተማ ምን ልታስተምረኝ ትችላለች ብዬ ነበር የተነሳሁት።

ከጅማ ወዲያ ያለውን አገር እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? አቦ፣ አረንጓዴ እንዲህም አለ እንዴ! እኛ ዘንድ አረንጓዴ ማለት አንዲት የኒም ዛፍ ናት፤ ከሥሯም አሥር ሰው ይቀመጣል። ከበደሌ በኋላ ግን ዛፉ ከዛፍ በላይ፣ ሐረጉ ከሐረግ ላይ ነው፤ መንገዱ በሁለት የቅጠል ግድግዳ መሐል ይሽሎከለካል። መስኮት ከፍቼ እጄን አወጣሁ፤ እጄ ረጠበ። ዝናብ አይደለም፣ አየሩ ነው የረጠበው። አጠገቤ የተቀመጠች የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳቀችብኝ። «ገና ምን አይተህ» አለችኝ፤ «ሶር ፏፏቴን ሳታይ እንዳትመለስ።» ከዛፎቹ ሥር ያለውን ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ እያሳየችኝ «ያ ሁሉ ቡና ነው» ስትል አላመንኳትም። የሐረር ቡና በማሳ የሚተከል፣ በጠራራ ፀሐይ የሚቆም ነው። እዚህ ቡና ጫካ ነው፤ ጫካውም ቡና ነው። የያዩ ደን በዩኔስኮ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው ለዚህ ሲባል መሆኑን ኋላ ተረዳሁ፤ ማንም ሳይተክለው በየጥላው የበቀለ የቡና ዘር እዚያ ሞልቷል።

መቱ አድሬ በጠዋት ጎሬ ገባሁ። ጎሬ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ጉሙ ገበያ ውስጥ ገብቶ ከሰው ጋር ይጋፋል። ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው እዚህ ነበረ። ገና ደጃዝማች ሳሉ በዚህ በኩል ወርደው፣ ሠራዊታቸው በሰኔ 1890 ዓ.ም ነጭ ዓባይ ዳር ደርሷል። በ1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ ደግሞ ጎሬ የአገሪቱ መንግሥት ማረፊያ ሆና ወራት ቆይታለች፤ ራስ እምሩም ወደዚህ መጥተዋል። ስለ ጎሬ ለብቻው መጻፍ ይገባል። እኔ ግን ልቤ ቡሬ ስለነበር ሻይዬን ጨልጬ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣሁ።

መንገዱ ከጎሬ ወደ ቡሬ ቀስ እያለ ይወርዳል። አየሩ በየኪሎ ሜትሩ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ጃኬቴን ፈታሁ፣ ቀጥሎ አወለቅኩ። ከዚያ ድንገት ረዳቱ «ቡሬ ወራጅ!» አለ።

ወረድኩ። አንድ አስፋልት፣ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባጃጅ፣ የሞባይል ካርድ መሸጫ፣ ጣሪያ ላይ የሚንጫጫ ወፍ። ጣቢያ የለም፣ ሰዓት የተሰቀለበት ማማ የለም፣ የድንጋይ መጋዘን በዓይኔ ብፈልግ አጣሁ። ለአፍታ ቆሜ «ይኸው ነው?» አልኩ። ወዲያው ግን ሽታው ደረሰብኝ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ቡናው ቀልቷል። በየደጁ ሸራ ላይ፣ በየግቢው የሽቦ አልጋ ላይ እሸት ቡና ተሰጥቷል፤ ገሚሱ ደም የመሰለ ቀይ፣ ገሚሱ እየጠቆረ፤ ጣፋጭ፣ ትንሽ ቆምጠጥ ያለ፣ የተብላላ ፍሬ ሽታ ከተማውን ሞልቶታል። ልጆች በእግራቸው ያገላብጡታል። አንዷን ቀይ ፍሬ አንስቼ መጠጥኳት፤ ማር! እድሜ ልኬን ቡና ስጠጣ ፍሬው እንደሚጣፍጥ የነገረኝ የለም።

ዝናብ ሲጀምር አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገባሁ። ባለቤቷን እንዳገሩ ልማድ «አዴ» ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ «ና ግባ ልጄ፣ እሳቱ ጋ ተቀመጥ» አሉኝ። ስኒው መጣ። ፉት አልኩ፤ ጨው ነው! ስኳር የለመደው ምላሴ ደንግጦ ቆመ። ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ መራራው ለሰለሰ፣ የቡናው ሥጋ ወጣ። ሦስተኛውን ስኒ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። እኛ ዘንድ ሆጃ የሚባለው የቡና መጠጥ በወተትና በጨው ይጠጣል፤ ስለዚህ ነገሩ ጨርሶ ባዕድ ሊሆንብኝ አይገባም ነበር። ቡናና ጨው በዚህ መንገድ ላይ ስንት ዘመን ሲተላለፉ እንደኖሩ ያወቅኩት ግን እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።

ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከድሬዳዋ።» «የባቡሩ አገር!» አሉ ዓይናቸው እየበራ። «እኛም እኮ መርከብ ነበረን።» አባባ እንዲያጫውቱኝ ለመንኳቸው፤ እምቢ አላሉም። አያታቸው አጋሰስ ነጂ ነበሩ። ከጎሬ ቡና ጭነው ይነሳሉ፣ ቡሬ ያድራሉ፣ ኬላ ላይ ቀረጥ ይከፈላል፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ወደ ባሮ። «ባሮ ሲሞላ መርከብ ይመጣል፤ መርከብ ሲመጣ ጨው ይረክሳል» ይሉ ነበር አሉኝ አያታቸው። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የአካባቢውን ኢኮኖሚ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያነበብኩት ሁሉ እሷኑ ሲያብራራ ነው ያገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል አራተኛው አንቀጽ ላይ፣ ኢታንግ አጠገብ በባሮ ወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያነት ተከራየ። ኪራዩ የሚቆየው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። የጋምቤላ ወደብ የተወለደው እንዲህ ነው። አምስተኛው አንቀጽ ደግሞ፣ እዚህ ላይ ልቤ ዘለለ፣ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ መሬት ላይ የመዘርጋት መብት ለእንግሊዞች ይሰጣል። ሐዲድ! ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ፣ አንዲት ብሎን እንኳ ያልጠበቀችለት ሐዲድ።

ዋናው አስገራሚ ነገር ግን ሌላ ነው። ከካርቱም ተነስተው ነጭ ዓባይን፣ ከዚያ ሶባትን፣ ከዚያ ባሮን እየቀዘፉ ጋምቤላ የሚደርሱት መርከቦች የማን ነበሩ? የሱዳን መንግሥት ምድር ባቡርና መርከቦች መሥሪያ ቤት! የባቡር ድርጅት ነው መርከቡን የሚነዳው። ጋምቤላ ላይ መርከብ የገባ የጎሬ ቡና ካርቱም ሲደርስ ባቡር ላይ ተጭኖ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ ቀይ ባሕር። ስለዚህ ቡሬ የቆመችው በአንድ ረጅም የባቡር መሥመር ጭራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ሐዲዱ ወንዝ፣ ወንዙ ደግሞ በቅሎ መሆኑ ነው። የድሬዳዋ ልጅ መሆኔ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ይህን ስሰማ እንደ ዘመድ አቀፍኳት ቡሬን።

የበቅሎውና የመርከቡ ጊዜ አለመገጣጠም ደግሞ ሌላ ተአምር ነው። በቅሎ የሚሄደው በበጋ ነው፤ በክረምት ጭቃው አያስኬድማ። መርከብ የሚመጣው በክረምት ነው፤ በበጋ ባሮ ስለሚጎድል መርከቡን መሸከም አይችልም። ቡናው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፣ በበጋው በአጋሰስ ጋምቤላ ይወርዳል፣ መጋዘን ገብቶ ሰማይ እስኪያጉረመርም ይጠብቃል። ከሰኔ በኋላ ወንዙ ይሞላል፣ የመርከቡ ጩኸት ይሰማል፣ ጨውና አቡጀዲ ይራገፋል፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጫናል፤ ጥቅምት ገደማ በር ይዘጋል። የእኔ አገር ባቡር በሰዓት ነበር የሚጠበቀው፤ የቡሬ ባቡር በወር ነው የሚጠበቀው። እና ያ ሁሉ ነጋዴ፣ ግሪኩ፣ ሶርያዊው፣ ያገሬው ሲራራ፣ ጋምቤላና ጎሬ ላይ ሱቁን ከፍቶ ጠገራ ብሩን እየቆጠረ ደመና ያያል!

ቡሬ ለምን? ይህን ያለ መጽሐፍ የሚያስረዳ መሬቱ ራሱ ነው። ዝናቡ ሲያባራ አንድ የሠፈሩ ወጣት «ና ላሳይህ» ብሎ ከአስፋልቱ ወጣ አድርጎኝ በቡና መሐል ወሰደኝ። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፤ ግራና ቀኙ ወገቤ ድረስ የሚመጣ የቀይ አፈር ግድግዳ፣ ከላይ የዛፍ ሥር ተንጠልጥሎበታል። ከታች ስፋቱ ለአንድ ጭነት በቅሎ ልክ ነው፤ ክንዶቼን ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ እነካለሁ። «የድሮው የጭነት መንገድ ነው ይላሉ» አለኝ። ቁጭ ብዬ አፈሩን ነካሁት። በኮቴ የተቆፈረ ሐዲድ! የኛን ሐዲድ የዘረጋው ብረት ነው፤ ይህን የዘረጋው የእንስሳ እግር ነው።

መንገዱ ጫፍ ላይ ዛፉ ሳሳ፤ ከፊት ለፊቴ ምድር ጠፋ። ወደ ምዕራብ የጋምቤላ ሜዳ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ተዘርግቶ፣ መጨረሻ አጥቶ። እኔ በቆምኩበት ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ እታች ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይወርዳል፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ ገንዲ የሚያመጣ ዝንብ አለ። ለደጋ በቅሎ ያ ቆላ መቃብር ነበር። እንግዲህ ነጋዴ ሆናችሁ አስቡት፤ በቅሎዬን የት ላሳርፍ፣ ጭነቴን የት ላደላድል፣ የመጨረሻዋን ቀዝቃዛ ሌሊት የት ልደር? ቡሬ ናት መልሱ። ከታች ለሚመጣውም የመጀመሪያዋ ቀዝቃዛ ሌሊት እሷው ናት። ይህን ዓይነት ቦታ ላይ ከተማ ባይበቅል ነበር የሚገርመው።

ታዲያ ያ ሁሉ የት ገባ? አባባን ስጠይቃቸው እጃቸውን ወደ አስፋልቱ ቀሰሩ፤ ሌላ መልስ አልሰጡኝም። መልሳቸው ልክ ነው፤ ትንሽ ልጨምርበት። መጀመሪያ የኛው ባቡር አለበት፤ በ1909 ዓ.ም ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ ለአገሪቱ ንግድ የምሥራቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ ጣልያን ገባ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም ደግሞ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ጋምቤላን አስለቀቁት። ከዚያ ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም ነፃ ወጣች፤ የውሉ ቃል ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች የሚል ነበርና፣ ወደቡ በጥቅምት 1949 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ደስ የሚል ዜና ነው፤ ግን ከወንዙ ማዶ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ተቀጣጠለ፣ መንገዱ አላስተማመን አለ። በዚህ መሐል የጭነት መኪና ቡናውን ከመቱና ከጎሬ እያነሳ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ያዞረው ጀመር። ቡና ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ። አጋሰስ ነጂው አርሶ ተቀመጠ፣ ኬላው ተነሳ፣ የመርከቡን ጩኸት የሰማ ጆሮ እያረጀ ሄደ።

ከከተማዋ የጠፋው ይህ ነው እንጂ ቡሬ ራሷ አልጠፋችም፤ ይህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ለእኔ ከሁሉ ያስገረመኝም ይኸው ነው። ባቡር ሲሄድባቸው ባዶ የቀሩትን የኛን በረሃ ጣቢያዎች አስባቸዋለሁ፤ እነሱ ከባቡሩ ሌላ የሚበላ አልነበራቸውም። ቡሬ ግን መርከቡም፣ በቅሎውም፣ ኬላውም ሲሄዱ ቡናዋ ቀረላት። ማለዳ የማር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሥር ሴቶች ቅርጫት ታጥቀው እየዘፈኑ ሲለቅሙ ሰማሁ፤ ጠጋ ስል አፈሩና ዝም አሉ፣ ራቅ ስል እንደገና ጀመሩት። ምሳ ላይ ጎደሬ ቀረበልኝ፤ ከተቀቀለ በኋላ በሚጥሚጣ የሚበላ፣ ነጭ፣ ለስላሳ። ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ። እምቢ ማለት የሚቻል መስሎኝ ነበር፤ አይቻልም።

ወደ ጋምቤላ በወረድኩበት ቀን መኪናው ቁልቁለቱን እየጨረሰ ሲሄድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ገብቶም ፊቴን ዳሰሰኝ። ሌላው መንገደኛ ሁሉ ሲያማርር እኔ ፈገግ አልኩ፤ የድሬዳዋ ሙቀት ነዋ! ባሮ ድልድይ ላይ ቆሜ ወንዙን አየሁት። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ጸጥ ብሎ የሚገፋ። የኛ ደቻቱ ዓመት ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ያመጣል፤ ይህኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። ልጆች ከዳር ይዋኛሉ፣ ከግንድ የተፈለፈሉ ታንኳዎች ያቋርጣሉ። የጭነት መርከብ ግን አንድም የለም። ጎሬ፣ ቡሬና ጋምቤላ በአንድ ጭነት ገመድ የታሰሩ ሦስት ከተሞች ነበሩ፤ ጋምቤላ ዛሬ የክልል ዋና ከተማ ናት፣ ጎሬ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስም አላት፣ መሐል ላይ ጭነቱን ትከሻዋ ላይ ተቀብላ ያሳለፈችውን ቡሬን ግን የሚያነሳት የለም። ይህ ልክ አይመስለኝም።

ድሬዳዋ ውስጥ የድሮው የባቡር ጣቢያና ጋራዥ ጎብኚ ይመጣበታል፤ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ነክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ቡሬ የሚነካ ብረት የላትም። ያላት ያ የጎደጎደው የአፈር መንገድና ከአያቶቻቸው የሰሙ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። መንገዱን ቡና እየዋጠው ነው፤ ሽማግሌዎቹም እየሄዱ ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ተማሪዎቹ አንድ ክረምት መቅረጸ ድምፅ ይዘው ቢወርዱ የሚሰበስቡት ብዙ ነው። መንገዱ ላይም «የጎሬና የጋምቤላ የሲራራ መንገድ በዚህ አለፈ» የሚል አንድ የእንጨት ምልክት ማቆም ለከተማው ከባድ ወጪ አይሆንም።

እናንተም ወደ ጋምቤላ ስትወርዱ ረዳቱ «ቡሬ ወራጅ!» ሲል ከያዛችሁ እንቅልፍ ንቁና ውረዱ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ቡናው ይለቀማል። የዝናብ ልብስ ያዙ፣ ቡናውን በጨው ጠጡት፣ አጠገባችሁ የተቀመጡትን ሽማግሌ ስለ መርከቡ ጠይቋቸው። ቀጣዩ ሚኒባስ ብዙ አይቆይም።